የወደቀ ሁሉ ከስሯል ወይ?

እስኪ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ሁለት ቤቶች አሉ። አንደኛው ቤት አንድን ሥራ ብቻውን እንዲሠራ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ ሃያ ዓመት ያህል ይዞታል፤ በፈቃዱ ግን ብዙም አልሠራበትም። ሁለተኛው ቤት ፈቃዱ ሳይኖረው ገብቶ ስድስት ዓመት ሠራ፤ ከዚያ ተዘጋ፤ ባለቤቱም አገር ለቅቀው ሄዱ። የመጀመሪያው ቤት ዛሬም ቆሟል። ከሁለቱ የተሳካለት የትኛው ነው? አደራውን የተወጣውስ?

ቸኩላችሁ አትመልሱ። ቤቶቹ ለምሳሌ ያህል የተፈጠሩ አይደሉም። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። ሁለተኛው አቶ አምሃ እሸቴ ያቋቋሙት፣ አምሃ ሪከርድስ የሚባለው የሸክላ አሳታሚ ነው።

‹‹የዘፈን ሸክላ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ምን ይሠራል?›› የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ዘፈኖቹ አይደለም፤ ስለ አደራ፣ ስለ ሕግና ስለ መውደቅ ነው። ጌታም ስለ ዓመፀኛው መጋቢ ባስተማረ ጊዜ ከዚህ ዓለም ሰው ሥራ ትምህርት ወስዷል፤ ዓመፁን ግን አላጸደቀም። እኛም በዚያው መንገድ እንሂድ።

ቤቱ እንዴት ተሠራ፣ እንዴትስ ተዘጋ?

ስልኩ ውስጥ ብዙ መቶ መዝሙር ለያዘ ወጣት ሸክላ ምን እንደሆነ መንገር ያስፈልጋል። ሸክላ ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ምጣድ ዝርግ የሆነ ነገር ነው። ትንሹና በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ገጹ አንድ ዘፈን ይይዛል፤ በቃ። መርፌ በላዩ በተቀረጸው ቀጭን መስመር ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ድምፅ ይሆናል። ከተቀዳ በኋላ የሚታተመው በትልቅ ማተሚያ ነው።

ኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን አስቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ቀጭን ሆኖ ቆየ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጫወቱት ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ነበሩ፦ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የጦር ሠራዊት። ድምፃውያኑና ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ነበሩ። ሸክላ ከውጭ የማስገባትና የማሳተም መብት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. ሕዝቡን ለአገሩ ለማነሣሣት የተቋቋመ፣ ለቴአትርና ለባህል ሙዚቃ ትልቅ ውለታ የዋለ ቤት ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። የሸክላውን መብት ግን እንደ ያዘ ዝም አለ። አዲሱ ትውልድ በመድረክና በሬዲዮ የሚሰማውን ድምፅ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚወስድበት መንገድ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

በ1969 እ.ኤ.አ. አቶ አምሃ ይህን በር ከፈቱት። ወጣት ነበሩ፤ የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነበራቸው። ፈቃዱ የእርሳቸው እንዳልሆነ እያወቁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጡትን የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀድተው ውጭ አገር አሳትመው ለገበያ አቀረቡ። ሸክላዎቹ እንደ ህንድና ሊባኖስ ካሉ አገሮች ታትመው ይመጡ ነበር። ከዚያ ማህሙድ አህመድ፣ ጌታቸው ካሳ፣ ግርማ በየነ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ያሉትን ሙዚቃ በ1974 በዚሁ ቤት በአልበም አወጡ።

አምሃ ሪከርድስ በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። አስሉት፤ ትንንሾቹ ብቻ በአማካይ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ይሆናሉ። ማተሚያው ባሕር ማዶ በሆነበት፣ ቴፕ በአውሮፕላን ሄዶ ሸክላ በጭነት በሚመለስበት ዘመን ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። ደርግ የሰዓት እላፊ አወጀ፤ የከተማው የምሽት ሕይወት ተቋረጠ፤ ሳንሱሩ ጠበቀ። አቶ አምሃ በ1975 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ቤቱም በዚያው ተዘጋ። የሸክላው ዘመን ራሱ ብዙ አልቆየም፤ ካሴት ተተካ። ካሴትን ደግሞ ማንም ሰው ሁለት ቴፕ ካለው በቤቱ ያባዛዋል።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ‹‹ተጀመረ፣ ወደቀ›› ብለን እናልፈው ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ ግን እነዚያን ሸክላዎች ለዓመታት ፈልገው፣ ከአቶ አምሃ ጋር ተስማምተው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ‹‹ኢትዮጲክስ›› በሚባል ተከታታይ ሲዲ እንደገና አሳተሟቸው። የመጀመሪያው ሲዲ የዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዓመታት ከ1969 እስከ 1975 ብሎ ይጠራቸዋል። እነዚያ ዓመታት የአምሃ ሪከርድስ ዕድሜ ናቸው። አንድ ሱቅ የተከፈተበትና የተዘጋበት ቀን የአንድ ዘመን ስም ሆነ ማለት ነው። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለም ሁሉ ሰማው። አቶ አምሃ ወደ አገራቸው ተመልሰው ይህን ሁሉ አይተው በ2021 አረፉ።

ያልተሠራበት መብት የማን ነው?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ ሰው መብት ይዞ ሳይሠራበት ሲቀር ምን አደረገ ይባላል? ምንም አላደረገም ማለት ይቀናናል። አልሰረቀም፣ አልዋሸም፣ ማንንም አልመታም። ነገር ግን ብቻውን የያዘው በር ነው። በሩን ሳይከፍት ሲቆም ሌላውም እንዳይገባ ከልክሏል። አህያ ‹‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል›› አለች እንደሚባለው፣ እኔ ካልበላሁት ማንም አይብላው የሚል ሰው አለ። ከእርሱ የሚለየው ደግሞ እንዲህ ብሎ እንኳ ያላሰበ፣ በሩን እንደ ያዘም የረሳ ሰው ነው። ለውጭ ቆሞ ለሚጠብቀው ግን የሁለቱ ልዩነት አይታየውም።

የመክሊቱን ምሳሌ በማቴዎስ 25 ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ መክሊት የተቀበለው ባሪያ ገንዘቡን አላጠፋም፤ እንደ ተቀበለ መልሶታል። የሂሳብ መርማሪ ቢመጣ ጉድለት አያገኝበትም። ምክንያቱንም ተናግሯል፤ ፈርቶ ነው። ጌታው የተቈጣው ስለ ጎደለው ገንዘብ አይደለም፤ ሥራ ላይ ሊውል ሲችል ስለ ተቀበረው ነው። አደራ ሲባል ብዙዎቻችን መጠበቅን ብቻ እናስባለን። ምሳሌው ግን አደራ ሁለት ወገን እንዳለው ያሳያል፦ እንዳይጠፋ መጠበቅና እንዲያፈራ ማውጣት። የመጀመሪያውን ብቻ ያደረገ ግማሹን ነው ያደረገው።

ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። በብዙ አጥቢያ አንድ ቁም ሣጥን አለ። ውስጡ ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ማይክ ይኖራል። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ክፉ አይደለም። ዕቃው በምእመናን መዋጮ እንደ ተገዛ ያውቃል፤ ልጆች ነክተው ቢያበላሹት ተጠያቂው እርሱ ነው። ስለዚህ ከእሑድ በቀር አይከፍተውም። ሙዚቃ የመማር ፍላጎት ያላት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደጁ ላይ ትቆማለች። ሁለት ዓመት ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትተወዋለች። ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ የልጅቷ ነገር ግን በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

ቁልፍ ሲባል ሽማግሌዎችን ብቻ እንዳታስቡ። እናንተም ቁልፍ ይዛችኋል። የመዘምራን መሪ የሆነ ወንድም አዲስ መዝሙር የሚያቀርበው እርሱ ብቻ ከሆነ ቁልፍ ይዟል። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምትመራ እህት ታናሾቿን አንድም ቀን ‹‹ዛሬ አንቺ ምሪ›› ካላለች ቁልፍ ይዛለች። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ፣ ደብረ ማርቆስ ደርሶ የመጣ ሁሉ ከጎኑ ላለው ልጅ በር ነው። ጥያቄው በሩ ይከፈታል ወይ የሚለው ነው።

ታዲያ ሕግ መጣስ ይፈቀዳል?

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ መሸሽ አይገባም። አቶ አምሃ ሕግ ጥሰዋል። ለባለ ሥልጣን መገዛትን የተማርን ሰዎች ‹‹ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ ደግ አደረጉ›› ብለን ልናልፈው አንችልም። ውጤት ሁሉን የሚያጸድቅ ከሆነ ፈተና ኮርጆ ሐኪም የሆነም ‹‹ስንት ሰው አዳንሁ›› ሊለን ነው። እኔም አቶ አምሃን ጻድቅ ለማድረግ አልጻፍሁም፤ ነጋዴ ነበሩ፣ ሸክላ የሚሸጡት ሊያተርፉ ነው።

ነገር ግን ሕግ የጣሰ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱን ለማየት በከተማችን በዋናው መንገድ ዳር ያሉትን የሞባይል ሱቆች አስቡ። ለጥቂት ብር ሚሞሪ ካርዳችሁን በመዝሙር ሞልተው ይሰጧችኋል። ብዙዎቻችን እንዲህ አስጭነናል። ይህም ያለ ፈቃድ ማሳተም ነው። ታዲያ ከአቶ አምሃ ሥራ በምን ይለያል? ‹‹እርሳቸው ያደረጉትን እኔም አደረግሁ›› የሚል ወጣት ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ?

መጀመሪያ፣ ማን እንደ ተጎዳ ጠይቁት። የሸክላ መብት የነበረው ማኅበር ያንን ሥራ ብዙም አይሠራውም ነበር፤ አቶ አምሃ ከእጁ የነጠቁት እንጀራ ይህን ያህል አልነበረም። ሚሞሪው ላይ ያለውን መዝሙር ግን የሠራው ሰው አለ። ዘማሪው ግጥሙን ጽፏል፣ ዜማውን ደክሞበታል፣ ለስቱዲዮ ከኪሱ ከፍሏል። ያ ሰው መብቱን አልቀበረውም፤ ሠርቶበታል። እኛ የወሰድነው የሠራበትን ነው።

ቀጥላችሁ ስሙን ጠይቁት። አቶ አምሃ በሸክላው መካከል ላይ የራሳቸውን ስም አተሙ። አምሃ ማለት በቋንቋችን ስጦታ፣ እጅ መንሻ ማለት ነው፤ ስሙ በየሸክላው ላይ ስለነበረ ከሳሽ ቢመጣ የት እንደሚያገኛቸው ያውቃል። ድምፃዊውም በስሙ ተጠርቷል። በሚሞሪው ላይ ግን የጫነውም አይታወቅም፣ የዘመረውም ‹‹ትራክ 07›› ሆኖ ቀርቷል። በአደባባይ ስምን አስይዞ የሚሠራ ሰው ለሚመጣበት ነገር ራሱን አቅርቧል። በጨለማ የሚሠራ ዋጋውን ለሌላ ነው የሚተወው።

በመጨረሻም፣ ከሥራው በኋላ በዓለም ላይ የጨመረ ነገር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። አቶ አምሃ ከመጀመራቸው በፊት ያልነበሩ ሸክላዎች ከእርሳቸው በኋላ ነበሩ። ቅጂ አባዢ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ያለውን ይበትናል እንጂ። እንዲያውም ዘማሪው ሁለተኛውን መዝሙር የሚሠራበትን አቅም ስለሚወስድ ነገ ሊኖር የሚችለውን ይቀንሳል።

እነዚህ ጥያቄዎች ሕግ ለመጣስ ፈቃድ አይሰጡም። እኔም የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ስበሩ እያልሁ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ መነጋገር ይቻላል፤ በር የሚከፈተው መጀመሪያ በማንኳኳት ነው። ጥያቄዎቹ የሚጠቅሙት ሌላውን ከመፍረድና ራሳችንን ከማጽደቅ በፊት ሚዛኑን እንድናስተካክል ነው። ሚዛኑ ሲስተካከል አንዳንዶቻችን ሕግ አክባሪ ነን ብለን ሳለ መክሊት የቀበርን፣ አንዳንዶቻችንም ደፋር ነን ብለን ሳለ የሰው ድካም የወሰድን ሆነን እናገኘዋለን።

መውደቅ ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ‹‹ቤቱ ስድስት ዓመት ብቻ ኖረ፤ ወደቀ›› ይባላል። ከእናንተ አንዱ የገማልያልን ምክር ያነሣ ይሆናል፤ ከሰው የሆነ ሥራ ይጠፋል፣ ከእግዚአብሔር የሆነውን ግን ማጥፋት አይቻልም ያለውን። ታዲያ የተዘጋ ሁሉ ከሰው ነበረ ማለት ነው?

የራሳችንን ታሪክ አስቡ። በደርግ ዘመን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወሰደ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። የሙሉ ወንጌል አማኞችም ከዚያ አስቀድሞ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ስደት አይተዋል። በዚያ ዓመት በተዘጋው በር ፊት ቆሞ ‹‹ወደቀች፤ ስለዚህ ከሰው ነበረች›› ያለ ቢኖር ምን ያህል በተሳሳተ! አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየሆኑ ተገናኙ፤ በሮቹ ሲከፈቱ የወጣው ሕዝብ ሲዘጉ ከነበረው እጅግ የበዛ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነታቸው ሰባት ዓመት ታስረዋል፤ መዝሙራቸው ግን በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ኖረ። ሸክላን ከገበያ ያስወጣው ያው ካሴት ጉባኤ ለሌለው ሕዝብ መዝሙር አድራሽ ሆነ። የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ፍርስራሽ ናት፤ የተላከላትን መልእክት ግን በሉማሜ እናነበዋለን።

ገማልያል ለሸንጎው የተናገረው ‹‹እጃችሁን ሰብስቡ›› ለማለት ነው። የወደቀውን ሁሉ የምንመዝንበት መስፈሪያ አልሰጠንም። ‹‹የቆመው ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው›› ብንል እንኳ ምድር ላይ ስንት ክፉ ነገር ለብዙ ዘመን ቆሟል!

እንግዲያስ መስፈሪያው ምንድን ነው? አንድ ሥራ ሲያበቃ ሁለት ነገር ጠይቁ። በእጁ የቀረው ምንድን ነው? ከእጁ ወደ ሌሎች እጅ ያለፈውስ? አምሃ ሪከርድስ ሲዘጋ በባለቤቱ እጅ የቀረው ጥቂት ነው። ወደ ሌሎች እጅ ያለፈው ግን ከ200 የሚበልጥ ዘፈን፣ በየቤቱ ያለ ሸክላ፣ ‹‹ይህ ነገር በእኛ አገር ሰውም ይሠራል›› የሚል ማስረጃ ነው። እርሳቸው በከፈቱት መንገድ ካይፋ ሪከርድስን የመሰሉ ሌሎች አሳታሚዎች ገቡ። መክሊቱን የቀበረው ባሪያ ግን ተቃራኒ ነው፤ በእጁ ያለው ሙሉ ነው፣ ወደ ማንም ያለፈ ግን የለም።

በር የከፈተ ሰው ማን እንደሚያልፍበት አያውቅም። ሙሉቀን መለሰ የእኛው የጎጃም ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው ገና በወጣትነታቸው ድምፃቸው በአምሃ ሸክላ ላይ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ጌታን ተቀብለው፣ በስማቸው ገናናነት ሳሉ ዘፈንን ትተው ዘማሪ ሆኑ፤ በ2024 በአሜሪካ እስኪያርፉም በዚያው ጸኑ። ከዚያ ዘመን ድምፃውያን ሂሩት በቀለም በኋላ የመዝሙርን መንገድ መርጠዋል። አቶ አምሃ ይህን አስበው ያደረጉት ነገር የለም፤ ሊያስቡትም አይችሉም። ያ ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሌላ ነው። የእኛ ድርሻ በሩን አለመዝጋት ነው።

አንድ ነገር ግን እንጨምር፤ መስጠት ማለት መዝረክረክ አይደለም። በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ ስታክስ የሚባል ትንሽ ሸክላ አሳታሚ ነበር። ከአንድ ትልቅ ድርጅት ጋር የተፈራረሙትን ውል ባለቤቱ በደንብ ሳያነቡ ስለ ፈረሙ በ1968 የቀደሙት ቅጂዎቻቸው ሁሉ የዚያ ድርጅት ሆነው አገኟቸው። በ1975 አምሃ ሪከርድስ በተዘጋበት ዓመት ስታክስም በኪሳራ ተዘጋ፤ ሕንፃውም በኋላ ፈረሰ። ዛሬ በዚያው ቦታ ሙዚየምና የልጆች የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቆሟል፤ ስለዚህ እርሱም ባዶ እጁን አልወደቀም። ያ ወረቀት ቢነበብ ኖሮ ግን ውድቀቱ ያን ያህል ባልከበደ። አቶ አምሃ ግን የቅጂዎቻቸው ባለ መብት ሆነው ስለ ቆዩ ከሃያ ዓመት በኋላ ፈቃድ ሲጠየቁ የሚሰጡት ነገር ነበራቸው። በኅብረታችሁ የምትሠሩትን መዝግቡ፤ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼ እንደ ተዘመረ በደብተር አስፍሩ። ለሌላ የሚተላለፍ ነገር ስም ያስፈልገዋል።

በሉማሜ የሚወድቀው

ይህ ሁሉ የሚነካን እዚህ ላይ ነው። የትንሽ ከተማ ኅብረት ዕጣ በየዓመቱ መውደቅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተፈተነው በዕጣው ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐዋሳ ይመደባል። ሌላው ሥራ ፍለጋ በደጀን አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። በአራት ድምፅ ይዘምር የነበረው ኳየር መስከረም ላይ በሁለት ድምፅ ይቀራል። የቀሩት ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ‹‹እዚህ ምንም ነገር አይጸናም›› ይላሉ። ትልልቆቹም ‹‹እናንተን ማስተማር ምን ዋጋ አለው፤ ነገ ትሄዳላችሁ›› ይላሉ።

ለዚህ መልሱ ‹‹አይዞአችሁ፣ ኳየሩ አይፈርስም›› የሚል አይደለም። ይፈርሳል። የሄደው ወንድም ቦታ ባዶ ነው፤ ያማል፤ ማስመሰል አይጠቅምም። ልንለውጠው የምንችለው ሲፈርስ የሚቀረውን ነው። ባስ የሚይዘው ወንድም ከመሄዱ በፊት ለአንድ ታናሽ አስተምሮ ከሆነ ኳየሩ ፈርሷል፣ ባሱ ግን አለ። የሄደው ደግሞ በጅማ ግቢ ኅብረት ውስጥ የሉማሜን ዜማ ያስተምራል። ሳያስተምር የሄደ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ ወድቋል።

አባቶቻችን ‹‹ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም›› ይላሉ። ስድስት ዓመት ከተሰጣችሁ በስድስቱ ሥሩ። ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል እስከ ፈተናው ድረስ ያለችውን፣ በሁለቱ ሥሩ። ቤቱ ስንት ዓመት እንደሚቆም የመወሰን ሥልጣን የለንም። ቁልፉ በእጃችን ሳለ በሩ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተዘግቶ የሚለው ግን የእኛ ውሳኔ ነው፤ የምንጠየቀውም በእርሱ ነው።

ለኅብረት ውይይት

1. በኅብረታችሁ ‹‹ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ›› የሆነ ነገር ምን አለ? ያ ሰው እናንተ ብትሆኑ የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?

2. ሚሞሪ ላይ ያስጫናችኋቸውን መዝሙሮች አስቡ። የአንዱን ዘማሪ ስም ታውቃላችሁ? ለዚያ ሰው ዛሬ ልታደርጉለት የምትችሉት ነገር ምንድን ነው?

3. ሕግን ማክበርና አደራን መወጣት የሚጋጩ በሚመስሉበት ጊዜ መጀመሪያ ማንን ማነጋገር ይገባል? ከዚያስ?

4. በሚቀጥለው መስከረም ከኅብረታችሁ የሚሄዱት እነማን ናቸው? ከመሄዳቸው በፊት ማንን ምን ያስተምሩ?